በትሬለር እየኖሩ የባሕር መብራት ማማ ላይ በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ከማመልከቻ እስከ መልቀቂያ ቀን

«ትሬለር አለን፤ የባሕር መብራት ማማ ላይ ለሚያገለግል ሰው ማቆሚያ በነጻ ይሰጣል ሲባል ሰማን። እውነት ነው? ከየትስ ይጀመራል?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰን መልሱን አንድ ቦታ ሰብስበን ጽፈነዋል። አዎ፣ እውነት ነው። አስጎብኚ ሆናችሁ ትሠራላችሁ፤ በምትኩ ኤሌክትሪክና ውሃ ያለው፣ አንዳንዴም የፍሳሽ መስመር የተዘረጋለት ማቆሚያ ታገኛላችሁ። ደመወዝ የለውም።

መመሪያው የተዘጋጀው በአሜሪካ የኦሪገን ጠረፍ ላይ ላሉት ማማዎች ነው። ሌላ ግዛት ብትሄዱ ደንቡ ይለያያል፤ የትሬለሩ ጣጣ ግን ያው ነው። ዓመተ ምህረቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰዎች አገልግሎቱን በመሃል አቋርጠው የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ የማማው ሥራ ከብዷቸው አይደለም። ፍራሹ ከታች ሻግቶ፣ ኤሌክትሪኩ በየምሽቱ እየተቋረጠ፣ ነፋሱ የጎን ጥላውን ገንጥሎባቸው ነው። ስለዚህ የመመሪያው ግማሽ ስለ ቤታችሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለውሃና ለፍሳሽ፦ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ 7.5 ሜትር ጎማ ሁለት፤ የውሃውን ግፊት ወደ 40–50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያወርድ የግፊት ሬጉላተር አንድ፤ የውሃ ማጣሪያ ሁለት (አንዱ መተኪያ)፤ የፍሳሽ ቱቦ 6 ሜትር ከነማዘንበያ ድጋፉ፤ የጎማ ጓንት አንድ ካርቶን።

ለኤሌክትሪክ፦ የትሬለሩ ባለ 30 አምፔር ገመድ፤ ከ50 ወደ 30 አምፔር መቀየሪያ፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚያቋርጥ መከላከያ፤ ባለ 12 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ) የውጭ ኤክስቴንሽን አንድ።

ለማቆምና ለመጎተት፦ የጎማ ታኮ አራት፤ ማስተካከያ ጣውላ ወይም የፕላስቲክ ብሎክ ቢያንስ ስምንት፤ ውሃ ልክ፤ ቶርክ ሬንች፤ የጎማ ግፊት መለኪያ።

ለእርጥበትና ለጨው፦ በኮምፕረሰር የሚሠራ እርጥበት መምጠጫ፤ የእርጥበት መለኪያ ሁለት (አንዱ ለመኝታው)፤ ከፍራሽ ስር የሚነጠፍ አየር አሳላፊ ምንጣፍ፤ የዝገት መከላከያ ስፕሬይ፤ ለኤሌክትሪክ መጋጠሚያ የሚሆን ግሪስ፤ ከጣሪያችሁ ዓይነት ጋር የሚስማማ ማሸጊያ።

ለደኅንነት፦ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጭስ ማስጠንቀቂያ፤ የእሳት ማጥፊያ፤ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ፤ ሁለት የእጅ ባትሪ፤ ውሃ የማያስገባ የሰነድ ቦርሳ።

ለማማው፦ ጣትን የሚሸፍንና የማያንሸራትት ጫማ፤ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት። ሐምሌ ነው ብላችሁ ጃኬቱን እንዳትተዉ፤ የኦሪገን ጠረፍ በበጋም ጉምና ቀዝቃዛ የሰሜን ነፋስ አለው።

ደረጃ 1፦ ማማውን ምረጡ

ማማዎቹን የሚያስተዳድረው አንድ አካል አይደለም፤ ማመልከቻውም እንደዚያው ይለያያል።

ኬፕ ብላንኮ፣ ፖርት ኦርፎርድ አጠገብ። በ1870 የበራ፣ ቁመቱ 18 ሜትር ገደማ፣ በየ20 ሰከንዱ አንድ ነጭ ብልጭታ። ነፋሱ ከሁሉም ይከፋል፤ በክረምት ማዕበል በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ነፋስ ይመታዋል።

ኮኪል ሪቨር፣ ባንደን አጠገብ፣ በቡላርድስ ቢች ፓርክ ውስጥ። በ1896 የበራና በ1939 ከአገልግሎት የወጣ። አጭር ስለሆነ ደረጃ መውጣት ለሚከብዳችሁ ይሻላል። ቦታው ግን ዝቅተኛ ነው፤ ስለ ሱናሚ የጻፍነውን አንብቡ።

አምፕኳ ሪቨር፣ ዊንቸስተር ቤይ። በ1894 የበራ፣ 20 ሜትር ገደማ። ቀይና ነጭ ብርሃን ስለሚያፈራርቅ ጎብኚ ይወደዋል። ጉብኝቱን የሚያካሂደው የዳግላስ ካውንቲ ነው።

ሄሴታ ሄድ፣ በፍሎረንስና በያሃትስ መካከል። በ1894 የበራ፣ 17 ሜትር፣ በየ10 ሰከንዱ ነጭ ብልጭታ።

ያኪና ሄድ፣ ኒውፖርት። በ1873 የበራ፣ 28 ሜትር፣ ከኦሪገን ማማዎች ረጅሙ፤ 114 ደረጃ አለው። የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው።

በግዛቱ ፓርኮች ሥር ላሉት በኦሪገን ስቴት ፓርክስ የሆስት (ፓርኩ ውስጥ እየኖረ የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ) ማመልከቻ ታመለክታላችሁ። የፌዴራል ለሆነው ቮለንቲር ዶት ጎቭ ላይ ነው። የካውንቲውን በቀጥታ እዚያው ጠይቁ።

ስትመርጡ በማማው ውበት አትጀምሩ። አስቀድማችሁ ደረጃውን በቀን ብዙ ጊዜ መውጣትና መውረድ የምትችሉ መሆናችሁን፣ ቀጥሎም ትሬለራችሁ በማቆሚያው የሚበቃ መሆኑን እዩ። የበጎ ፈቃደኛ ማቆሚያ ብዙ ጊዜ ያለው በአቅራቢያው የካምፕ ግቢ ውስጥ እንጂ በማማው ግርጌ አይደለም፤ ስለዚህ ርቀቱንም ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ሕጋዊ ሁኔታችሁን አጥሩ

አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት የሚዘሉት ይህንን ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ ችግር የለም። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ ለሥራ ምትክ የሚሰጥ ነጻ ማቆሚያ እንደ ክፍያ ሊቆጠር ይችላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ እንደ መሥራት ሊታይባችሁ ይችላል። «በጎ ፈቃድ ስለሆነ ምንም አይደል» የሚላችሁን ወዳጅ አትስሙ።

ሁለተኛው የአድራሻ ጉዳይ ነው። ዜጋ ያልሆናችሁ ሁሉ ማለት ይቻላል አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለባችሁ። አፓርታማችሁን ለቅቃችሁ ትሬለር የምትገቡ ከሆነ ይህ እናንተን ይመለከታል። ፖስታ የሚቀበልላችሁ የታመነ አድራሻ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ የቀጠሮ ደብዳቤ በባዶ ቤት በር ላይ እንዳይቀር።

ሦስተኛ፣ የትሬለር ኢንሹራንሳችሁ ለሽርሽር ብቻ የተገዛ ከሆነ ለወራት ስትኖሩበት ላይሸፍን ይችላል። ለነዋሪ የሚሆነውን ዓይነት ጠይቃችሁ አስቀይሩ።

ደረጃ 3፦ አመልክቱ፣ ስምምነቱንም መስመር በመስመር አንብቡ

ለበጋ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀድማችሁ አመልክቱ፤ ሐምሌና ነሐሴ ቀድመው ይያዛሉ። ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም ጥቅምት መሥራት ከቻላችሁ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ይደረግላችኋል፤ ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በመንጃ ፈቃዱና በማመልከቻው ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። የአባት ስም በአንዱ እንደ መሃል ስም፣ በሌላው እንደ ቤተሰብ ስም ሲገባ ማጣሪያው ይጓተታል።

ከተቀበሏችሁ በኋላ በስልክ እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜል አስጽፉ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው፣ ሰዓቱስ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጥንድ? (ብዙ ጊዜ 20 ሰዓት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው።) ማቆሚያው ስንት ጫማ ይረዝማል? 30 ነው 50 አምፔር? የፍሳሽ መስመር አለ ወይስ ታንኩን ወስደን እናፈሳለን? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከምን ከፍታ ይጀምራል? ማቆሚያው ለርዝመቱ ቢበቃም ጥግ ላይ ያለ ዛፍ የጣሪያ አየር ማስገቢያችሁን ሊቀጨው ይችላል።

የፌዴራል ከሆነ የምትፈርሙት የበጎ ፈቃድ ስምምነት ኦኤፍ 301ኤ ይባላል። የሥራ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሥራ አትሥሩ፤ ሥራ ላይ ብትጎዱ ሽፋን የሚሰጣችሁ በዝርዝሩ ለተጻፈው ነው።

ደረጃ 4፦ ክብደቱን መዝኑ

በሂቹ (ትሬለሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መጋጠሚያ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተጫነው ትሬለር ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ትሬለሩ በነፋስና በቁልቁለት ይወዛወዛል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናው የኋላ ዘንግ ይጫናል፣ የፊት ጎማውም መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መኪናው «7,000 ፓውንድ ይጎትታል» ሲባል ነገሩ ያለቀ እየመሰላቸው ነው። ቀድሞ የሚሞላው የመኪናው የመጫን አቅም ነው፤ ቁጥሩ በሾፌሩ በር ጥግ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 7,000 ፓውንድ ለሚመዝን ትሬለር በሂቹ ላይ 900 ፓውንድ፤ ሂቹ ራሱ 80፤ ሁለት ሰው 340፤ ከኋላ የተጫነ ዕቃ 200። ድምሩ 1,520 ፓውንድ ነው። ወረቀቱ 1,450 የሚል ከሆነ፣ ሞተሩ ቢጎትተውም መኪናው ከልክ በላይ ተጭኗል።

የውሃ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ ንዱ። 40 ጋሎን ውሃ 334 ፓውንድ ይመዝናል። የምትወስዱትን ሁሉ ጭናችሁ በከባድ መኪና ሚዛን አስመዝኑ፤ ግምት አይሠራም።

ጎማውን ከጎኑ ባለው ባለአራት አሃዝ ቁጥር አረጋግጡ፤ «2321» ማለት በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የትሬለር ጎማ ጥርሱ ደህና ቢሆንም ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት፤ ቆሞ በፀሐይ የሚሰነጠቅ ነው። አንዳንድ የትሬለር ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት እስከ 65 ማይል ለሚሄድ ፍጥነት ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ አቁሙ፣ አያይዙ

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። መጀመሪያ ከጎን ወደ ጎን በብሎክ አስተካክሉ፤ ከዚያ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፤ ከዚያ ብቻ ከመኪናው ፍቱ፤ ከፊት ወደ ኋላ በፊተኛው ክሪክ አስተካክሉ፤ በመጨረሻ የማዕዘን ድጋፎቹን አውርዱ። ድጋፎቹ መወዛወዝ የሚያስቆሙ እንጂ ትሬለር የሚያነሱ አይደሉም። ማንሻ ብታደርጓቸው ሻሲው ይጣመማል፣ በሩም አልዘጋ ይላል።

ምርጫ ካላችሁ የሂቹ ጫፍ ወደ ነፋሱ ይዙር። በኦሪገን ጠረፍ በበጋ ነፋሱ ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ የክረምት ማዕበል ግን ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል።

ኤሌክትሪኩን ከመሰካታችሁ በፊት በሳጥኑ ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ፤ መከላከያውን ሰኩ፣ አብሩ፣ የሚያሳየውን አንብቡ። ከ104 ቮልት በታች ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣና ኮምፕረሰር አታስነሱ። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ውሃውን በሬጉላተር በኩል አገናኙ። የፓርክ ግፊት ሌሊት ሰው ሲተኛ ከፍ ይላል፤ ሬጉላተር የሌለው ትሬለር ቱቦው ከግድግዳ ውስጥ የሚፈነዳው ያኔ ነው።

የሽንት ቤቱን ታንክ ቫልቭ ሁልጊዜ ዝጉት። ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ብቻ እየወረደ ጠጣሩ ተቆልሎ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይወጣም። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ታንክ አፍስሱ፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥበዋል። ወዲያው ከ4 እስከ 8 ሊትር ንጹሕ ውሃ መልሳችሁ ጨምሩበት።

ደረጃ 6፦ ኤሌክትሪኩን እንደ በጀት ያዙት

30 አምፔር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። ለረጅም ሰዓት ከ24 አምፔር፣ ማለትም ከ2,880 ዋት በላይ አትጠቀሙ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት፤ የእንጀራ ምጣድም ብዙ ጊዜ ከዚያ የማይርቅ (ከስሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ)፤ የውሃ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ክፍል 1,440 ዋት አካባቢ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ብታበሩ ከ4,400 በላይ ነው፤ ዋናው ብሬከር ይቋረጣል። ሁለቱን ብቻ አብርታችሁም በአንድ የውስጥ መስመር ላይ ከሰካችኋቸው ይቋረጣል፤ የትሬለር የውስጥ ሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ብቻ ስለሆነ።

ለእንጀራ የሚሻለው መንገድ ውጭ መጋገር ነው። በማቆሚያው የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻው ባለ 20 አምፔር ሶኬት አለ። በ12 ጌጅ ኤክስቴንሽን ምጣዱን ከነፋስ በተከለለው ጎን ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ፦ የቤቱ መስመር አይነካም፤ የእንጀራው እንፋሎትም ጣሪያችሁ ላይ ጤዛ አይሆንም። ነፋሱ ምጣዱን ካቀዘቀዘው ዓይን አያወጣም፤ በሦስት ጎን በካርቶን ሳይሆን በማይቃጠል ነገር ከልሉት። በየመሃሉ መሰኪያውን በእጅ ዳስሱ፤ ከሞቀ አቁሙ፤ ሶኬቱ የላላ ወይም የዛገ ነው። ዝናብ ካለ አትጋግሩ።

ሊጥ የነካውን ዕቃ ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉ። ሊጥና የቡና አተላ በእጣቢው ታንክ ውስጥ ተረጋግቶ መለኪያውን ያሳስተዋል፣ ቫልቩንም ያጣብቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል ትሬለር ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠል። መስኮት ተከፍቶም ቢሆን፣ ለዕጣን ያህል ጥቂት ፍም ብቻ ቢሆንም። ትሬለር ጠባብና የታሸገ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው እንቅልፍ ወሰደኝ ብሎ ይሞታል። ቡናውን ውጭ ቁሉ፤ እሳት መከልከሉን ደግሞ በዕለቱ ሬንጀሩን ጠይቁ። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ከጀርባው የመጠቀሚያ ዘመኑ ተጽፏል፤ ካለፈበት በባትሪው ቢጮኽም አትመኑት።

ደረጃ 7፦ እርጥበትና ጨው

የባሕር ዳርቻ አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያበስልና ሲታጠብ በቀን ሊትሮች ይጨመራሉ። የምድጃ ጋዝ ራሱ ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ከ1.6 ኪሎ በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። በምድጃ ቤት ማሞቅ አደገኛ ከመሆኑም በላይ ግድግዳውን ያረጥባል። የትሬለሩ ፈርነስ (በጋዝ የሚሠራው የቤት ማሞቂያ) ግን ጭሱንም እንፋሎቱንም ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ ለዚህ ይመረጣል። ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ወደ 430,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ይይዛል፤ በሰዓት 30,000 ቢቲዩ የሚፈጅ ፈርነስ ሳያቋርጥ ቢሠራ 14 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በቀዝቃዛ ሳምንት የሰዓቱን ሲሶ ቢሠራ እንኳ ሁለት ቀን አይሞላም። ሁለት ሲሊንደር ይኑራችሁ፤ አንዱ ባለቀ ዕለት አስሞሉ።

መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያንብብ። ከ60 ካለፈ ሻጋታ እየተዘጋጀ ነው። እርጥበት መምጠጫውን ቱቦውን ወደ ልብስ ማጠቢያ ወይም ወደ ሻወር ገንዳ አስገብታችሁ ሌት ተቀን አሠሩት፤ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ ስለማይመጥ ቤቱን አታቀዝቅዙ። ምግብ ስታበስሉ የጣሪያውን መተንፈሻ በጣት ያህል ክፈቱ። ፍራሹን በየሳምንቱ አንስታችሁ ከስር እዩ። የቁም ሳጥን በር ማታ ክፍት ይደር፤ ቀዝቃዛው ጥግ መጀመሪያ የሚያልበው እዚያ ነው።

ጣሪያውን በየሦስት ወሩ ውጡና መገጣጠሚያዎቹን መርምሩ። በላስቲክ ጣሪያ ላይ ሲሊኮን አትቀቡ፤ በደንብ አይያዝም፣ በኋላም ትክክለኛው ማሸጊያ በላዩ አይጣበቅም።

ጨዉን በተመለከተ፦ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በንጹሕ ውሃ አጠቡ፤ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስር። የመወጣጫ ደረጃውን መገጣጠሚያ፣ የክሪኩን ጥርስ፣ የጎን ጥላውን ክንዶችና የሂቹን ጉልላት ካደረቁ በኋላ ዝገት መከላከያ ንፏቸው። የኤሌክትሪክ መሰኪያው ጥርሶች አረንጓዴ ካወጡ አጥፍታችሁ አጽዱ፣ ግሪስ ቀቡ። የጋዙን መጋጠሚያ በየወሩ በሳሙና ውሃ ፈትሹ፤ አረፋ ከሠራ ያፈሳል። የብሬክ መስመሩን መጋጠሚያ አትርሱ፤ ሦስት ወር ቆሞ የዛገ ብሬክ የሚታወቀው በመልስ ጉዞ ቁልቁለት ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ በማማው ውስጥ

ሥልጠናውን ሳትጨርሱ ጎብኚ አታስወጡ። በሥልጠናው አራት ነገር በቃል ያዙ፦ የበራበት ዓመት፣ የማማው ቁመት፣ የሌንሱ ደረጃ (የመጠኑ መደብ)፣ የብልጭታው ሥርዓት። ጎብኚ ብዙ የሚጠይቀው ስለ መጨረሻው ነው። የያኪና ሄድ ለሁለት ሰከንድ በርቶ፣ ሁለት ሰከንድ ጠፍቶ፣ ዳግም ሁለት ሰከንድ በርቶ ለ14 ሰከንድ ይጠፋል፤ የኬፕ ብላንኮ በየ20 ሰከንዱ አንዴ ነው። ልዩነቱ መርከበኛው ሰዓት ይዞ ቆጥሮ፣ ከመብራቶቹ ሰንጠረዥ አመሳክሮ የት እንዳለ እንዲያውቅ ነው። ይህን በአጭሩ ከነገራችኋቸው ሌላው ይገባቸዋል። ያላወቃችሁትን አትገምቱ፤ «ጠይቄ እነግራችኋለሁ» በሉ።

ስትወጡ አስጎብኚው ከፊት ይሁን፤ ሌንሱ ክፍል ማንም ብቻውን ቀድሞ እንዳይገባ። ስትወርዱ ከኋላ ሁኑ፤ ላይ የቀረ ሰው እንዳይኖር። የቡድኑን ቁጥር ቦታው ከወሰነው አንድም አታሳልፉ፤ ጠባቡ የብረት ደረጃ ላይ አንድ ሰው ቢደናገጥ የሚያልፍበት የለም። ሕፃን በእቅፍ ሆኖ አይወጣም፤ የያዘው ሰው ሁለት እጁ ያስፈልገዋል። የጀርባ ቦርሳ ታች ይቀመጥ፤ ዞር ሲሉ ሌንሱን የሚመታው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ሌንሱ

የፍሬኔል ሌንስ በናስ ፍሬም የተያዙ የመስታወት ፕሪዝሞች ስብስብ ነው። እንደ ሄሴታ ሄድ ያለው የአንደኛ ደረጃ ሌንስ የውስጡ ስፋት 1.84 ሜትር ነው። ከተሰበረ ከመደብር አይገዛም።

በባዶ እጅ አትንኩ። የቆዳ ወዝ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ አቧራና ጨው ይይዛል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የቀበቶ ዘለበትና አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አውልቁ ወይም በሽርጥ ሸፍኑ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ክልክል ነው፤ ናሱን ይበላል፣ ፕሪዝሙን በፍሬሙ ያያዘውን አሮጌ ፑቲም ይጎዳል። ጽዳት የሚሠራው ሥልጠናው ያለው ሰው ቦታው በሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። የእናንተ ሥራ ብዙ ጊዜ መስኮት፣ ወለልና ደረጃ ይሆናል፤ ያም ትልቅ ሥራ ነው፤ መስኮቱ ጨው ከጋረደው ብርሃኑ ይደክማል።

የሚዞር ሌንስን በእጅ አትግፉ፣ አታቁሙም። ቀን ቆሞ የሚውል ከሆነ መጋረጃው በጧት ይሳብ፤ ሌንሱ የፀሐይን ብርሃን ወደ አንድ ነጥብ ሰብስቦ ሊያቃጥል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንዳንድ የድሮ ማማዎች ሌንሱ በሜርኩሪ ላይ ተንሳፍፎ ነበር የሚዞረው። ወለል ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ጠብታ ካያችሁ አትጥረጉ፣ በቫኪዩም አትምጠጡ፤ መርዛማ ትነቱን ይበትነዋል። ሰው አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ኃላፊውን ጥሩ።

ማታ ስትወጡ በሩን ቆልፋችሁ እጀታውን ስባችሁ አረጋግጡ። በ1992 በኬፕ ብላንኮ ሰብረው የገቡ ሰዎች ሌንሱን ሰባብረውታል፤ ጥገናው ዓመታት ወስዷል።

ደረጃ 10፦ ማዕበልና ሱናሚ

የነፋስ ማስጠንቀቂያ በአየር ሁኔታ ሬዲዮ ሲነገር የጎን ጥላውን ጠቅልሉ፤ ነፋሱ ሲበረታ ስላይድ አውቱን (ከትሬለሩ ጎን ወደ ውጭ የሚወጣውን ክፍል) አስገቡ፤ የላይኛው ሸራው ነው መጀመሪያ የሚቀደደው። ከቤት በወጣችሁ ቁጥር ጥላው ይጠቅለል፤ ፀሐያማ ቀን ቢሆንም። ዛፍ ስር ከሆናችሁ ሌሊቱን ሌላ ቦታ አሳልፉ።

ሱናሚ ግን ሌላ ነገር ነው። ከኦሪገን ጠረፍ ባሻገር ያለው የካስኬዲያ ስንጥቅ በጥር 1700 ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ አድርሷል። መሬቱ ለረጅም ጊዜና በኃይል ከተንቀጠቀጠ ሲረን አትጠብቁ፤ የመጀመሪያው ማዕበል ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ትሬለሩን ለማያያዝ አትሞክሩ። በእግር ወደ ከፍታ ሂዱ፤ መንገዱ ሊሰነጠቅ፣ ድልድዩ ሊወድቅ ይችላል። የደረሳችሁ ዕለት ሰማያዊና ነጩን የማምለጫ ምልክት ተከትላችሁ መንገዱን አንዴ በእግር ሂዱበት፣ ሰዓቱንም ያዙ። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ወረቀት፣ መድኃኒትና ጥሬ ገንዘብ በሰነድ ቦርሳው ውስጥ ሆነው በሩ አጠገብ ይንጠልጠሉ።

ባሕር ዳር ስትሄዱ ጀርባችሁን ለውሃው አትስጡ፤ ተንሳፋፊ ግንድ ላይም አትቁሙ። ድንገተኛ ማዕበል ትልቁን ግንድ አንስቶ ሰው ላይ ያሽከረክረዋል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የሥራው ሰዓት ለጥንዱ ተካፍሎ ይሠራል ብሎ ማሰብ። በአንዳንድ ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ባል ወይም ሚስት ሥራ ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ለዘመድ «ኑ፣ ማቆሚያው ነጻ ነው» ማለት። ማቆሚያው ለፈረሙት ብቻ ነው፤ እንግዳ ማሳደር ፈቃድ ይጠይቃል።

በማቆሚያው ኢንተርኔት ላይ መተማመን። በገደሎቹ ስር የስልክ ምልክት ይጠፋል፤ በርቀት የምትሠሩ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ቦታው ላይ ቆማችሁ ሞክሩ።

የሰዓት መዝገቡን በሳምንቱ መጨረሻ ከትዝታ መሙላት። በየቀኑ ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ ስትጠይቁ ኃላፊው የሚያየው እሱን ነው።

ደረጃ 11፦ ስትለቁ

ቁልፎቹን በፊርማ አስረክቡ፤ የሰዓት መዝገባችሁን ቅጂ ያዙ። ሁለቱን ታንክ አፍስሳችሁ እጠቡ፣ የንጹሑን ውሃ ታንክ አድርቁ። ስላይድ አውቱን ከማስገባታችሁ በፊት ላዩ ላይ የወደቀውን ቅጠልና እርጥበት ጥረጉ፤ ካልሆነ ውሃው ቤት ውስጥ ይገባል። ከፊት ለፊቱ ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ የትሬለሩን ብሬክ በእጅ መቆጣጠሪያው ብቻ ሞክሩ፤ ካልያዘ ወደ አውራ ጎዳናው አትውጡ። የጎማ ዳዶዎቹን በመመሪያው በተጻፈው ልክ አጥብቁ። ጎማ አውልቃችሁ ከነበረ ደግሞ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና እንደገና አጥብቋቸው፤ የጎማውን እምብርትም በእጅ ጀርባ ዳስሱ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ቤሪንጉ ወይም ብሬኩ ተይዟል፤ እዚያው አስጠግኑ።